መድኃኒት ልብ ያቆማል ሲባል፦ ከስንት ሰው ስንቱን?

ቴሌግራም ላይ በየጊዜው የምትዞር አንድ መልእክት አለች። የመድኃኒቱ ስም ይቀያየራል እንጂ ሐሳቧ ያው ነው። አዚትሮማይሲን ልብ ያቆማል። ሲፕሮ ልብ ያቆማል። የወባው ኪኒን ልብ ያቆማል፣ ለምታውቁት ሁሉ አድርሱ። ያነበበው ሰው ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። ገሚሱ «እኔ ስንቴ ወስጄው ምንም አልሆንኩም፣ ወሬ ነው» ይላል፤ ገሚሱ የጀመረውን ኪኒን እንዳለ ቆሻሻ ውስጥ ይከታል።

ሁለቱም ወገን አንድ ነገር አልጠየቀም። ከስንት ሰው ስንቱን?

መልሱ ከመድኃኒት መድኃኒት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሶታሎል የሚባል የልብ ምት ማስተካከያ አለ። እሱን ከሚወስዱ 100 ሰዎች ሁለት ያህሉ አደገኛ የምት መዛባት ሊገጥማቸው ይችላል፣ መጠኑ ከፍ ሲል ደግሞ ይብሳል። አዚትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ጋ ስንመጣ ቁጥሩ ሌላ ነው። በ2012 የታተመ፣ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት የብዙ ዓመት የሕክምና መዝገብ ያገላበጠ ጥናት አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። አዚትሮማይሲን የወሰዱትን አሞክሳሲሊን ከወሰዱት ጋር ሲያስተያይ፣ በአንድ ሚሊዮን ኮርስ 47 ተጨማሪ የልብና የደም ሥር ሞት አገኘ። ኮርስ የምንለው አንዴ ተጀምሮ የሚያልቀውን የአምስት ቀን ሕክምና ነው። ስናካፍለው በ21 ሺህ ኮርስ አንድ ሞት ገደማ ይመጣል።

እዚያው ጥናት ውስጥ ግን ብዙ ሰው ሳያነበው የሚያልፈው ሌላ ቁጥር አለ። ቀድሞውኑ ለልብ ችግር በጣም የተጋለጡትን አንድ አሥረኛ ሰዎች ለብቻ ሲያወጧቸው፣ 47ቱ ወደ 245 አሻቀበ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዴንማርክ ውስጥ በወጣቶችና በጎልማሶች ላይ የተሠራ ሰፊ ጥናት ወጣ፤ አዚትሮማይሲንን ከፔኒሲሊን ጋር ቢያስተያይ የጨመረ የልብ ሞት አላገኘም። ያው አንድ ኪኒን ሦስት መልስ ሰጠ። የተለየው የዋጠው ሰው ነው።

ስለዚህ «ይህ መድኃኒት አደገኛ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያራምድም። ለማን፣ ከምን ጋር፣ በምን ሁኔታ ላይ እያለ? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ልብ ውስጥ ትንሽ እንግባ። ልብ በመታ ቁጥር ጡንቻው በኤሌክትሪክ ይነሳል፣ ከዚያም ለሚቀጥለው ምት እንዲዘጋጅ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል። የሚመለሰው በዋናነት ፖታሺየም ከሴሎቹ ሲወጣ ነው። ፖታሺየሙ የሚወጣባቸው ጥቃቅን በሮች አሉ፣ ከእነሱ አንዱ ሄርግ ይባላል። የሄርግ ችግሩ ውስጡ ሰፊ መሆኑ ነው። ሌሎቹ በሮች የማያስገቡትን ዓይነት መድኃኒት እሱ ያስገባል፣ የገባውም እዚያው ይቀረቀራል። እርስ በርስ ምንም የማይዛመዱ መድኃኒቶች፣ የአለርጂውም፣ የፈንገሱም፣ የአእምሮውም፣ የማስታወኩም፣ የወባውም፣ አንድ ዓይነት ጉዳት ይዘው የሚገኙት ለዚህ ነው።

በሩ ሲዘጋ ልብ ወደ ዕረፍቱ የሚመለሰው ዘግይቶ ነው። መዘግየቱ ኢሲጂ ወረቀት ላይ ይታያል፤ ኢሲጂ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ምርመራ ነው። ኪውቲ የሚሉት ርቀት አለ፤ የልብ ታችኛው ክፍል በኤሌክትሪክ ከተነሳበት እስኪያርፍ ያለው ጊዜ ነው። ከምቱ ፍጥነት ጋር ተስተካክሎ ሲሰላ ለወንድ እስከ 450፣ ለሴት እስከ 460 ሚሊሰከንድ ድረስ ደህና ይባላል። 500 ሲያልፍ ቀልድ የለም። ምክንያቱም የጡንቻው ገሚስ ዐርፎ ገሚሱ ገና ሳያርፍ ያልተጠበቀ ምት ጣልቃ ከገባ፣ ልብ በሥርዓት መምታቱን ትቶ ይርበተበታል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሷ ዴሰርቴን ይህን ዓይነት ምት በ1966 ሲገልጸው ቶርሳድ ደ ፑዋንት አለው፤ የልብ ሐኪሞች ዛሬም በዚሁ ይጠሩታል። እኛም እንግዲህ በአጭሩ ቶርሳድ እንበለው።

ቶርሳድ ብዙ ጊዜ በራሱ ይቆማል። ሰውየው ተዝለፍልፎ ይወድቃል፣ ትንሽ ቆይቶ ይነሳል፣ «ፀሐይ መታኝ መሰለኝ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ካልቆመ ግን ልብ ደም መርጨቱን ይተዋል። ያኔ በደቂቃዎች ውስጥ በኤሌክትሪክ ካልተመለሰ አለቀ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ኪውቲ የረዘመበት ሰው ሁሉ ቶርሳድ ይገጥመዋል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው አይገጥመውም። አሚዮዳሮን የሚባለው የልብ መድኃኒት ኪውቲን በደንብ አድርጎ ያስረዝማል፣ ቶርሳድ የሚያመጣው ግን ከ100 ሰው ከአንድ ባነሰ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር «ተጠንቀቅ» ነው የሚለው። ሁሉም የምት መዛባት ከኪውቲ የሚመጣም አይደለም፤ ዲጎክሲን የሚባለው የልብ መድኃኒት ሲበዛ ልብን በሌላ መንገድ ያዛባል፣ ፕሮፕራኖሎልና ዘመዶቹ ደግሞ ምቱን ከልክ በላይ ሊያዘገዩት ይችላሉ። በዚህ ጽሑፍ ቶርሳድ ላይ የማተኩረው የማይጠረጠር መድኃኒት ሁሉ የሚገኘው እዚያ መንደር ስለሆነ ነው።

ሰውን ይበልጥ የሚገርመው ምት ለማስተካከል የተሰጠ መድኃኒት ምት ማዛባቱ ነው። ይህ ግን ከሁሉም በላይ በደንብ የተቆጠረ ነገር ነው። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሃርት አታክ ይዟቸው የተረፉና ልባቸው ትርፍ ምት የሚመታ ሰዎች ኢንካይናይድ ወይም ፍሌካይናይድ ይታዘዝላቸው ነበር። ስሌቱ ግልጽ ነው፦ ትርፍ ምት ለሞት ያጋልጣል፣ መድኃኒቱ ትርፍ ምትን ያጠፋል፣ ስለዚህ ሞትን ይቀንሳል። ትርፍ ምቱ በእርግጥም ጠፋ። ከዚያ ካስት የሚባል ጥናት እነዚህን ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈላቸው። በአማካይ አሥር ወር ሲከታተላቸው፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63 ሞተው ተገኙ። ምንም የሌለበት የማስመሰያ ኪኒን ከወሰዱት 743 ሰዎች ደግሞ 26። ያ የጥናቱ ክፍል በ1989 ሳያልቅ ተቋረጠ።

ልዩነቱ ከ100 ሰው ወደ አምስት ይጠጋል፤ ቀላል ቁጥር አይደለም። ታዲያ ቀድሞ እንዴት አልታየም? አስቡት፤ ሃርት አታክ ይዞት የነበረ ሰው ድንገት ሲሞት ማን መድኃኒቱን ይጠረጥራል? «ልቡ ነው» ይባላል፣ ያበቃል። ሁለቱን ቡድን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያልቆጠረ ሰው ይህን በዓይኑ ሊያየው አይችልም። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ዶፌቲላይድ የሚባለውን የምት መድኃኒት የሚጀምር ሰው ቢያንስ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ኢሲጂው እየታየ የሚጀምረው በዚህ ዓይነት ትምህርት ነው።

የቴርፈናዲን ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሴልዴን በሚል ስም ከ1985 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ፣ እንቅልፍ የማያመጣ የአለርጂ ኪኒን ነበር። ሚሊዮኖች ዋጡት። መድኃኒቱ ራሱ ሄርግን ይዘጋል፣ ግን ጉበት ገና ልብ ጋ ሳይደርስ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ስለሚለውጠው ጉዳቱ አይታይም ነበር። በ1990 የታተመ የአንዲት የ39 ዓመት ሴት ታሪክ ነው ነገሩን ያጋለጠው። ሴትዮዋ ቴርፈናዲን እየወሰደች ነበር፣ በላዩ ኬቶኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ጨመረችበት። ኬቶኮናዞል ቴርፈናዲንን የሚሰባብረውን የጉበት ኢንዛይም ያግዳል። ሳይሰበር የቀረው መድኃኒት ደሟ ውስጥ ተጠራቀመ፣ ራሷን እየሳተች ሆስፒታል ገባች፣ ኢሲጂው ቶርሳድ አሳየ። ኤሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክም እንደዚሁ ያደርጋል። የሴትዮዋ ታሪክ የታተመው ቴርፈናዲን ገበያ ላይ በዋለ በአምስተኛው ዓመት መሆኑ ነው። ሴልዴን በ1998 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ጉበት ይሠራው የነበረው ንጥረ ነገር ደግሞ ፌክሶፈናዲን ተብሎ ራሱን የቻለ መድኃኒት ሆነ፤ ሄርግን አይነካም፣ ዛሬም ይሸጣል።

ለጨጓራ ይሰጥ የነበረው ሲሳፕራይድም ዕጣው ያው ሆነ። እስከ 1999 መጨረሻ ለአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ 341 የልብ ምት መዛባት ሪፖርት ደርሶ ነበር፣ ከዚያ ውስጥ 80ው ሞት ነው፤ በ2000 መደበኛ ሽያጩ ቆመ። ከ2005 ወዲህ አዳዲስ መድኃኒቶች ገበያ ከመግባታቸው በፊት ኪውቲ ላይ የሚያደርጉት ነገር እንዲመረመር የሚጠይቅ ዓለም አቀፍ መመሪያ አለ። ስለዚህ ዛሬ የሚታዘዘው አዲስ መድኃኒት በአብዛኛው ቢያንስ ይህን ፈተና አልፏል። አሮጌዎቹ ግን ከመመሪያው በፊት የነበሩ ናቸው፣ በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ በብዛት ያሉትም እነሱው ናቸው።

አሁን አንድ ቤት ውስጥ ሊሆን የሚችል ነገር እናስብ። ምናባዊ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ነገር በየሰፈሩ አለ። እማማ 68 ዓመታቸው ነው። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ፤ ሽንት ያሸናል፣ ከሽንቱ ጋር ፖታሺየምና ማግኒዚየም ይሄዳል። ለጨጓራቸው ኦሜፕራዞል ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል፤ እሱም ሲቆይ ማግኒዚየም ሊያወርድ ይችላል። ሆዳቸው ተበላሸ። ሦስት ቀን ሙሉ ተቅማጥና ትውከት፣ ምግብ የለም፤ ፖታሺየሙ አሁንም ወረደ። ልጃቸው ተጨንቃ ያለ ማዘዣ ሲፕሮ ገዝታ መጣች። ለትውከቱ ኦንዳንሴትሮን ተጨመረ። ጎረቤት ደግሞ አፋቸው ውስጥ ነጭ ነገር አየችና «እኔ ጋ የተረፈ ፍሉኮናዞል አለ» አለች።

ከእነዚህ ኪኒኖች አንዱን ብቻ ነጥላችሁ «ስንት ሰው ይጎዳል?» ብትሉ፣ መልሱ «በጣም ጥቂት» ነው። እማማ ላይ ግን ሦስት ኪውቲ የሚያስረዝሙ መድኃኒቶች በአንድ ሳምንት ተገናኙ፣ ያውም ፖታሺየም በወረደበት ሰውነት ላይ። ፖታሺየም ሲያንስ ሄርግ ራሱ ይደክማል፣ መድኃኒትም በቀላሉ ይዘጋዋል። ዕድሜም አለ። ሴት መሆናቸውም ይቆጠራል፤ በ1993 የታተመ አንድ ጥናት በልብ መድኃኒት ምክንያት ቶርሳድ የገጠማቸው 332 ሰዎችን ሰብስቦ ሲያይ 70 ከመቶው ሴቶች ነበሩ። ኩላሊት ወይም ጉበት ቢደክም፣ ልብ ቀድሞ የታመመ ቢሆን፣ ምቱ ዘገምተኛ ቢሆን ደግሞ በላዩ ይደመራል። እንዲህ ዓይነት ተቅማጥ ሲገጥም መጀመሪያ የሚያስፈልገው ለምለም (ኦአርኤስ) ነው፤ እሱ ውስጥ ፖታሺየም አለ። ብዙው ተቅማጥ ሲፕሮ አይፈልግም። ይህን የምለው ሲፕሮን ለማጥላላት አይደለም፣ በቦታው ሕይወት ያድናል።

ሌላም ያልተቆጠረ እንግዳ አለ። ከ2,000 ሰው አንድ ገደማ ኪውቲው ከውልደቱ የረዘመ ነው፣ በዘር የሚመጣ። ብዙዎቹ አያውቁትም። ሲወድቁና ሲንቀጠቀጡ የሚጥል በሽታ ነው ተብለው ለዓመታት የሚኖሩ አሉ፤ እኛ አገር ደግሞ ጠበል ለጠበል ሊዞሩ ይችላሉ። አንድ ተራ አንቲባዮቲክ ነገሩን ያወጣዋል። በዘመድ ውስጥ ገና በወጣትነቱ ድንገት የሞተ፣ ሲሮጥ ወይም ሲደነግጥ ራሱን የሚስት ሰው ካለ፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ንገሩት።

የወባና የቲቢ ነገር ለእኛ ቅርብ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። መድኃኒት የተላመደ ቲቢን በ20 ወር ፈንታ በ9 ወይም በ11 ወር ማከም ይቻላል ወይ ብሎ የፈተነ ስትሪም የሚባል ጥናት ነበር። ኢትዮጵያ ከሞንጎሊያ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከቬትናም ጋር ተሳትፋበታለች፤ ውጤቱ በ2019 ታተመ። በአጭሩ ሕክምና ውስጥ ከፍ ባለ መጠን የሚሰጥ ሞክሲፍሎክሳሲንና ክሎፋዚሚን አሉበት፣ ሁለቱም ኪውቲ ያስረዝማሉ። ውጤቱም 11 ከመቶው ሰው ኪውቲው 500 ደረሰ፤ በረጅሙ ሕክምና ላይ የነበሩት ግን 6.4 ከመቶ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በስፋት የመጣው ቤዳኩዊሊንም እንደዚሁ ያስረዝማል። ስለዚህ የቲቢ ሕክምና ላይ ያለ ሰው «ሳምባዬን ነው ያመመኝ፣ ደጋግመው ልቤን የሚያነሱኝ ለምንድነው?» ቢል መልሱ ይኸው ነው። ኢሲጂው እንዳያመልጠው። በፍርሃት መድኃኒቱን ማቋረጥ ግን ከቶርሳዱ በጣም የበለጠ የታወቀ ሞት አለበት።

ወባ ላይ ደግሞ መጥፎ ስም ያተረፈው ሃሎፋንትሪን ነው። ኮአርተም ውስጥ ያለው ሉሜፋንትሪን በስምም በኬሚስትሪም ዘመዱ ነው፣ ግን የእሱ ዓይነት የኪውቲ ጣጣ የለበትም። ፒፔራኩዊን ያለበት ሌላው የወባ ጥምር መድኃኒት ኪውቲ ያስረዝማል። ይሁንና ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ መድኃኒቱን የወሰዱ ሰዎችን መረጃ ያሰባሰበ በ2018 የታተመ ጥናት፣ ከልብ ሊሆን ይችላል የተባለ ያልታወቀ ድንገተኛ ሞት ያገኘው አንድ ብቻ ነው። ያልታከመ ወባ ስንቱን እንደሚገድል ለእናንተ አልነግርም። ኮቪድ ሲመጣ ግን ሂሳቡ ተገለበጠ። በ2020 ሃይድሮክሲክሎሮኩዊንና አዚትሮማይሲን አብረው እየተሰጡ ነበር፣ ሁለቱም ኪውቲ የሚያስረዝሙ፣ ለዚያውም በጠና ለታመመ ሰው። ጥቅሙ ሲፈተሽ አልተገኘም፣ አሜሪካም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃዱን አነሳች። ጥቅም ከሌለው ከሚሊዮን አንድም ቢሆን ብዙ ነው።

በጠቅላላው ሕዝብ ላይ ስንት ይሆናል ለሚል፣ በርሊን ከተማ ውስጥ ሆስፒታሎችን እየተከታተሉ የቆጠሩ አሉ። በ2014 የታተመው ውጤት በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ወንድ 2.5፣ ከአንድ ሚሊዮን ሴት 4 ሰው ገደማ ነው። ትንሽ ነው። ግን ይህ ቁጥር የያዘው በሕይወት ሆስፒታል ደርሶ ኢሲጂ የተነሳውን ነው። ቤቱ የሞተ ሰው አይቆጠርም፣ አስከሬን ቢመረመር እንኳ የተዛባ ምት በሥጋ ላይ አሻራ አይተውም። እኛ ጋ ደግሞ ምርመራም የለ፤ ለቅሶ ላይ «ድንገት ነው፣ ትናንት ደህና ነበር» ተብሎ ይታለፋል። እውነተኛው ቁጥር ከተቆጠረው በላይ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ መልእክቷ የምትለውን ያህል ግን በጭራሽ አይደለም።

መድኃኒት ቤት ስትሄዱ እንግዲህ የምትወስዱትን ሁሉ ተናገሩ፣ ከጎረቤት ያገኛችሁትንም ጭምር፤ «ከዚህ ጋር ይሄዳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የትኛው መድኃኒት ኪውቲ እንደሚያስረዝም በደረጃ የሚዘረዝር ክሬዲብልሜድስ የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለ፤ ፋርማሲስቱ እዚያው ስልኩ ላይ ሊያየው ይችላል። ለድብርትም ሆነ ለልብ የታዘዘላችሁን ኪኒን ግን ይህን አንብባችሁ ዛሬውኑ እንዳታቆሙ፣ ያዘዘላችሁን ሐኪም አነጋግሩ። አዲስ መድኃኒት ጀምሮ በሰሞኑ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ራሱን የሳተ ሰው፣ ቢነቃም ባይነቃም፣ በዚያው ቀን ኢሲጂ ይነሳ። የኪኒኖቹን ማሸጊያ ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ቶርሳድ ከሆነ ሐኪሞቹ መጀመሪያ ከሚያደርጉት ማግኒዚየም በደም ሥር መስጠት፣ ፖታሺየም ማስተካከልና ጥፋተኛውን መድኃኒት ማቆም ነው፤ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት ደግሞ ከፌስታሉ ነው።